ሐሰተኛ ሰዓት ሳላውቅ ገዛሁ፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ያገለገለ ሮሌክስ ሰብማሪነር በኢንተርኔት ከሚሸጥ ነጋዴ ገዛሁ። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ፣ ቀሪውን በባንክ አስተላልፌ ከፈልኩ። ሳጥኑም የዋስትና ካርዱም አብሮ መጥቷል። ከአምስት ወር በኋላ ወደ ኋላ እየቀረ ስላስቸገረኝ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት፤ የጀርባ ክዳኑን ሲከፍተው ማሽኑ የሮሌክስ አይደለም አለኝ። ሻጩን ስጠይቀው ‹እኔም ኦሪጅናል መስሎኝ ነው፤ ደግሞም የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብዬ ጽፌያለሁ፤ የሸጥኩልህ ሰዓት ይኸው ስለመሆኑስ ምን ማረጋገጫ አለህ?› አለኝ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ወይስ ያለኝ አማራጭ ለሌላ ሰው ሸጦ መገላገል ነው?»

በመታለልዎ ራስዎን አይውቀሱ። በጥንቃቄ የተሠራ ሐሰተኛ ሰብማሪነር ክዳኑ ሳይከፈት ባለሙያንም ያሳስታል። ሳጥንና የዋስትና ካርድ ማስረጃ አይሆኑም፤ እነሱም ይመሳሰላሉ፣ የእውነተኛ ሰዓት ካርድም እንዳለ ተገልብጦ ይታተማል። ገንዘብዎን የማስመለስ ዕድል አለዎት። ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ከከፈለ ሰው ይልቅ የተሻለ ዕድል አለዎት የምልዎት ደግሞ ቀብዱን በካርድ ስለከፈሉ ነው።

ለሌላ ሰው የመሸጡን ሐሳብ ግን አሁኑኑ ይተዉት። እስካሁን ተበዳይ ነዎት። ሰዓት ሠሪው እውነቱን ከነገረዎት ወዲህ ግን ያውቃሉ፤ እያወቁ «ኦሪጅናል» ብለው ቢሸጡት አታላዩ እርስዎ ይሆናሉ። «ኮፒ ነው» ብሎ በግልጽ መሸጥም አያድንም፤ የሌላ ኩባንያ የንግድ ምልክት የተለጠፈበት ሐሰተኛ ዕቃ ለገበያ ማቅረብ በአብዛኛው አገር በራሱ ጥፋት ነው። በፈረንሳይማ ይዞ መገኘቱ ብቻውን በጉምሩክ ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ክንድዎ ላይ አድርገውት ድንበር አይሻገሩ፣ ሻጩ «መልስልኝ» ስላለ ብቻም በፖስታ ወደ ሌላ አገር አይላኩት። ጉምሩክ ከያዘው ሰዓቱም የለ፣ ማስረጃውም የለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ጉልበታቸውን ሁሉ የሚያፈሱት ሰዓቱ ሐሰተኛ መሆኑን በማስረዳት ላይ ነው። እሱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ማሽኑን ያየ ባለሙያ በአንድ ገጽ ይጨርሰዋል። ጉዳዩ የሚወድቀው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በእጅዎ ያለው ሐሰተኛ ሰዓት ያ ሻጭ የሸጠልዎ መሆኑን ማስረዳት ሲያቅት። ሻጩ በመጨረሻ የወረወራት ጥያቄ ተራ ማምለጫ አትምሰልዎ። ባንኩም፣ የሽያጭ መድረኩም፣ ዳኛውም የሚጠይቁት እሷኑ ነው። እውነተኛውን አስቀርቶ ሐሰተኛውን የሚመልስ ገዢ ስላለ፣ የመጠየቅ መብትም አላቸው።

መልሱ ያለው ሻጩ ራሱ ባወጣቸው ፎቶዎች ውስጥ ነው። ማስታወቂያው ሳይጠፋ ዛሬውኑ ፎቶዎቹን በሙሉ መጠናቸው ያውርዱ፤ ጽሑፉን ቀኑና የገጹ አድራሻ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሹት ያንሱ፤ የተጻጻፋችሁትን አንድም ሳያስቀሩ ያስቀምጡ። ከዚያ በእጅዎ ያለውን ሰዓት በዚያው አቅጣጫና በተቀራራቢ ብርሃን አንስተው ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ያድርጉ። ሲሪያል ቁጥሩ አንድ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አንድ ቁጥር በብዙ ሐሰተኛ ሰዓቶች ላይ ተቀርጾ ይገኛልና። የሚያሳምነው በሌላ ሰዓት ላይ በአጋጣሚ ሊደገም የማይችለው ነው። በማሰሪያው መቆለፊያ ላይ የምትታይ ሰያፍ ጭረት፤ በሚሽከረከረው ቀለበት ጠርዝ፣ ከ20ው ቁጥር አጠገብ የተነካች ቦታ፤ በጨለማ የሚያበራው የአንዱ ነጥብ ቀለም ከክቡ በጥቂቱ መውጣቱ፤ የቀኑ አኃዝ በመስኮቷ ውስጥ ወደ አንድ ጎን መጠጋቱ። እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ምልክቶች አግኝተው በሁለቱም ፎቶዎች ላይ በቀስት ካመለከቱ ሻጩ «ሌላ ሰዓት ነው» የሚልበት አፍ አይኖረውም። በአንድ ጉዳይ ላይ ሻጩ እስከ መጨረሻው ሲክድ ቆይቶ ያመነው፣ ከመቆለፊያው ቀጥሎ ባለው ሁለተኛው የማሰሪያ ዘንግ ላይ የነበረች የተቆረጠች ጥፍር የምታህል ጭረት ራሱ ባነሳው ፎቶ ላይ ስትታይ ነው።

በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ሰዓት በእጅዎ ካለው የተለየ ሆኖ ካገኙትም አይደንግጡ። ይህ ማለት ሻጩ የእውነተኛ ሰዓት ፎቶ አሳይቶ ሌላ ልኳል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ክርክሩ ወደ ጥቅሉ ይዞራል፤ ሳጥኑን ሲከፍቱ የቀረጹት ቪዲዮ ካለ፣ ሰዓቱ በደረሰዎት ቀን ለወዳጅ የላኩት ፎቶ ካለ፣ የአጓጓዡ ደረሰኝ ላይ የተመዘገበው ክብደት ካለ ሁሉንም ያውጡ። በመጀመሪያው ሳምንት በስልክዎ ያነሷቸው ተራ ፎቶዎች ጭምር፣ ሰዓቱ ክንድዎ ላይ የሚታይበት ሁሉ፣ ቀን ያለው ምስክር ነው።

ቀጥሎ የባለሙያው ደብዳቤ። ሰዓት ሠሪው በቃል «ፌክ ነው» ማለቱ ለማንም አይጠቅምም። ደብዳቤው የራሱን ስም፣ ሙያና የሥራ አድራሻ፣ ሰዓቱን የተቀበለበትንና የከፈተበትን ቀን፣ ያየውን የሞዴልና የሲሪያል ቁጥር መያዝ አለበት። ከዚያ ይህ ሞዴል ሊኖረው የሚገባው ማሽን የትኛው እንደሆነና ውስጡ የተገኘው ምን እንደሆነ ይጻፍ። ለምሳሌ ከ2010 እስከ 2020 የተሸጠው 116610 ቁጥር ሰብማሪነር 3135 የተባለው ማሽን ያለው ሲሆን፣ በ2020 የተተካው 126610 ደግሞ 3235ን ይዟል። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ፍጥነቱ የሚስተካከለው በሚወዛወዘው ጎማ ላይ በተሰኩ ጥቃቅን የወርቅ ብሎኖች ነው። ርካሽ በሆኑት ሐሰተኞች ላይ ግን ከጎማው በላይ ወዲያና ወዲህ የምትገፋ የማስተካከያ ዘንግ ትታያለች። እንዲህ ያለ በፎቶ የተደገፈ አንድ ልዩነት «ጥራቱ ዝቅተኛ ነው» ከሚል ረጅም አንቀጽ ይበልጣል። የቀኑን አኃዝ የሚያጎላው መስታወት፣ የሰከንዱ ጠቋሚ አካሄድ፣ የሰዓቱ ክብደት የሚሉት በየቦታው የሚሰጡ መለያዎች በደብዳቤው ውስጥ ባይገቡ ይሻላል፤ ጥሩ ሐሰተኞች እነዚህን አልፈዋቸዋል፣ ሻጩም የሚይዘው ደካማውን ነጥብ ነው። መደምደሚያው ያለ ማወላወል «ይህ ሰዓት ሐሰተኛ ነው» ማለት አለበት። «ይመስላል» እና «ሊሆን ይችላል» በባንክ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ የላቸውም።

ከአምራቹ የአገልግሎት ማእከል የሚገኝ ጽሑፍ ከዚህም ይበረታል። ነገር ግን ሰዓቱን ከማስረከብዎ በፊት ሐሰተኛ ሆኖ ቢያገኙት ምን እንደሚያደርጉት፣ የሚመልሱት እንደ መጣ ይሁን ተፈታትቶ፣ በጽሑፍስ ምን ሊሰጡዎት እንደሚችሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ፎቶ ሳያነሱ አያስረክቡ።

አሁን ወደ ካርዱ። ክፍያን በካርድ አውጪው ባንክ በኩል ማስመለስ፣ ማለትም ቻርጅባክ፣ ለእርስዎ ጠንካራው መሣሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን በተሳሳተ በር ይገባበታል። ቪዛ ለሐሰተኛ ዕቃ ራሱን የቻለ የክርክር ምድብ አለው፤ ቁጥሩ 13.4 ነው። ዕቃው ከመግለጫው ጋር ካልተስማማ ደግሞ ሌላ ምድብ ነው፤ 13.3። ልዩነቱ ተራ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በ13.3 ከሻጩ ጋር ለመስማማትና ዕቃውን ለመመለስ መሞከርዎን ማሳየት ይጠበቅብዎታል። በ13.4 ግን ይህ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ዕቃው ሐሰተኛ መሆኑን የምልክቱ ባለቤት ወይም ወኪሉ፣ ወይም ጉምሩክን የመሰለ የመንግሥት አካል፣ ወይም ገለልተኛ የሆነ ባለሙያ ማረጋገጡ ነው። ደብዳቤው ላይ ያን ያህል የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ማስተርካርድም ሐሰተኛ ዕቃን 4853 በተባለው የካርድ ባለቤቶች ክርክር ሥር ያስተናግዳል።

የጊዜ ገደቡ 120 ቀን ነው። አምስት ወር አለፈኝ ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ፤ በቪዛ ደንብ ቆጠራው ዕቃው ሐሰተኛ መሆኑን ካወቁበት ቀን ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ሌላም ሥራ ይሠራልዎታል። የመጀመሪያው የባንክ ሠራተኛ ከተገዛበት ቀን ቆጥሮ «ጊዜው አልፏል» ቢልዎ ስልኩን ዘግተው አይሂዱ፤ ሐሰተኛ ዕቃ መሆኑን፣ ያወቁበትን ቀንና ደብዳቤ መያዝዎን ነግረው ክርክር ወደሚያስተናግደው ክፍል እንዲያስተላልፉት ይጠይቁ፤ ጥያቄውንም በጽሑፍ ያስገቡ።

በዚህ መንገድ የሚመለሰው በካርድ የተከፈለው ብቻ፣ ማለትም ቀብዱ ነው። ከዚህ የሚሻል ሕግ ያላቸው አገሮች አሉ። በእንግሊዝ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ ክሬዲት ካርድ የሰጠውን ባንክ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል፤ በካርዱ የተከፈለው ቀብድ ብቻ ቢሆንም ኃላፊነቱ ለጠቅላላው ዋጋ ነው። ካርድዎ የእንግሊዝ ከሆነ ቻርጅባክን ብቻ ጠይቀው እንዳይወጡ። ዴቢት ካርድ ግን በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም።

በባንክ ያስተላለፉት ገንዘብ ይከብዳል። አስተላላፊው ባንክ የተቀባዩን ባንክ «መልሱልኝ» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማስገደድ አይችልም፤ ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ ሒሳቡ ላይ የሚገኝ ነገር መኖሩ ያጠራጥራል። ቢሆንም ለባንኩ የማጭበርበር ክፍል ያመልክቱና የማመልከቻ ቁጥር ይቀበሉ፤ ያ ሒሳብ በሌሎች ሰዎችም ተጠቁሞ ከሆነ የእርስዎ አቤቱታ ይጨመርበታል። እንግሊዝ ውስጥ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ባንኮች በማታለል የተላለፈ ገንዘብን እስከ 85,000 ፓውንድ ድረስ ለተጎጂው እንዲመልሱ ተገድደዋል፤ ማመልከቻው በ13 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ይህ የሚሠራው ግን ለማጭበርበር ነው፤ በቅን ልቦና ከሸጠ ነጋዴ ጋር ለሚነሳ የንግድ ክርክር አይሆንም። በክሪፕቶ የተከፈለ ከሆነ የሚመልሰው አካል የለም፤ ቀሪው መንገድ ሻጩ ራሱ ነው።

ይህን ለሚያነቡ፣ በመድረክ በኩል ለገዙ ሰዎች፦ ፔይፓል ከክፍያው ቀን ጀምሮ 180 ቀን ይሰጣል፤ ክርክር ከከፈቱ በኋላ በ20 ቀን ውስጥ ወደ አቤቱታ ካላሳደጉት ግን ይዘጋል። «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ የተላከ ጨርሶ አይሸፈንም፤ ሻጮች በዚያ እንዲልኩላቸው የሚለምኑትም ስለዚህ ነው። ኢቤይ ላይ የሚሰጠው ጊዜ ዕቃው ከደረሰ 30 ቀን ነው። በፔይፓል ክርክር ላይ እያሉ በዚያው ክፍያ ላይ ቻርጅባክ አይጨምሩ፤ ፔይፓል የራሱን ወዲያው ይዘጋዋል። ፔይፓል ሐሰተኛውን ዕቃ አጥፍተው ማረጋገጫ እንዲልኩ ሊጠይቅዎም ይችላል፤ በጽሑፍ ሳይታዘዙ ግን መቼም አያጥፉት።

ወደ ሻጩ መልሶች ልመለስ። «እኔም አላወቅኩም» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ከወንጀል ያድነው ይሆናል፤ ከገንዘቡ ግን አያድነውም። ሮሌክስ ብሎ ሸጦ ሮሌክስ ያልሆነ ነገር አስረክቧል፤ ውሉን አልፈጸመም፤ ቢያውቅም ባያውቅም ዋጋውን መልሶ ዕቃውን መውሰድ አለበት። «የተሸጠ አይመለስም» የሚለውም ሐሳቡን የቀየረን ገዢ ይመልስ ይሆናል እንጂ የተሸጠውን ነገር ማንነት አይሸፍንም። በአውሮፓ ኅብረት በ2019 የወጣው የዕቃ ሽያጭ መመሪያ፣ ቁጥሩ 2019/771፣ ነጋዴውን ከውሉ ጋር ላልተስማማ ዕቃ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ላገለገለ ዕቃም ቢሆን ከ1 ዓመት በታች ዝቅ ማድረግ አይቻልም። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ለታየ ጉድለት ደግሞ ዕቃው ሲረከቡት ጀምሮ እንዲያ እንደነበረ ይገመታል። አምስት ወር በዚህ ውስጥ በምቾት ይገባል።

ስለዚህ ለሻጩ አንድ ደብዳቤ ይጻፉለት፤ አጭርና ጨዋ። ምን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደሸጠልዎ፤ ባለሙያው ምን እንዳገኘ፤ የሚጠይቁት ገንዘብ ስንት እንደሆነ የባለሙያውን ክፍያ ጨምሮ፤ በ14 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ወደ ፍርድ ቤት እንደሚሄዱ። የባለሙያውን ደብዳቤና ጎን ለጎን ያደረጓቸውን ፎቶዎች ያያይዙ። አንድ ነገር አደራ፦ «ካልከፈልከኝ ለፖሊስ እነግራለሁ» ብለው አይጻፉ። በወንጀል ክስ አስፈራርቶ ገንዘብ መጠየቅ በአንዳንድ አገር ራሱ ወንጀል ነው፤ ጥሩ ይዞ የነበረ ሰው በዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይበላሻል። ለፖሊስ ማመልከት መብትዎ ነው፤ ሲፈልጉ ያመልክቱ እንጂ ለድርድር አያቅርቡት። ሲያመለክቱም የባለሙያው ደብዳቤና ፎቶዎቹ ቀድመው ይዘጋጁ፤ ፖሊስ ሰዓቱን በማስረጃነት ሊያስቀረው ይችላልና።

ሻጩ በእርግጥም የተታለለ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ እሱም ከሌላ ገዝቶታል። የባለሙያው ደብዳቤ ለእሱም ከሸጠለት ሰው ገንዘቡን ለመጠየቅ የሚሆን ወረቀት ነው፤ ይህን ቢነግሩት ክርክሩ ብዙ ጊዜ ይለዝባል። ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ፤ ብዙ አገሮች ለአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት ሥርዓት አላቸው። ከመክሰስዎ በፊት ግን የሻጩን ሕጋዊ ስምና አድራሻ ያረጋግጡ። አድራሻው በማይታወቅ ሰው ላይ የተገኘ ፍርድ ገንዘብ አያመጣም።

ባለሙያው ሲመረምር ሌላ ነገር ሊያገኝ እንደሚችልም ይወቁ፤ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰተኛ ሳይሆን ከተለያዩ እውነተኛ ሰዓቶች የተገጣጠመ፣ ወይም እውነተኛ ማሽን ይዞ ፊቱ ብቻ የተመሳሰለ ሊሆን ይችላል። ይህ ትልልቆቹንም ያሳታል። በኅዳር 2021 ጄኔቫ ውስጥ በፊሊፕስ ጨረታ ከ3.1 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ የወጣበት የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር፣ ከብዙ ቁራጮች የተገጣጠመ ሆኖ መገኘቱ የታወቀው በ2023 ነው። ገዢው ኦሜጋ ራሱ ነበር፤ ለሙዚየሙ። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ለባንኩ የሚያቀርቡት ምድብ ይቀየራል፤ «ሐሰተኛ» ከሚለው ይልቅ «ከመግለጫው ጋር ያልተስማማ» የሚለው ይሻላል፤ ያኔ ሰዓቱን ልመልስ ብለው ለሻጩ በጽሑፍ ማቅረብዎ ግዴታ ይሆናል።

ሌላ የምሰጋልዎት ነገር አለ። መታለልዎን በአደባባይ ከጻፉ በኋላ «ገንዘብህን እናስመልስልሃለን» የሚሉ ሰዎች መልእክት ይልኩልዎታል። ጠበቃ ነን፣ የባንክ መርማሪ ነን፣ የጠፋ ክሪፕቶ እናስመልሳለን ይላሉ፤ ከዚያ የምዝገባ ክፍያ ወይም ግብር ይጠይቃሉ። አይመልሱላቸው። ባንክም ሆነ ፖሊስ የተዘረፈ ገንዘብ ለመመለስ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም።

ሻጩ በመጨረሻ «እሺ፣ እከፍላለሁ፣ ሰዓቱን አምጣ» ካለዎት ገንዘቡ ሒሳብዎ ገብቶ ሊቀለበስ የማይችል መሆኑን ባንክዎ ሳያረጋግጥልዎ ሰዓቱን አይስጡት። ስክሪንሹት ወይም የቼክ ፎቶ ክፍያ አይደለም። በከፊል ልክፈልህ ካለ ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን ያስፈርሙት፣ ሰዓቱም እስከዚያ እርስዎ ጋ ይቆይ። ቻርጅባክ ጀምረው ከሆነ በቃል ተስፋ ብቻ አያንሱት፤ አንዴ ካነሱት መልሶ መክፈት ብዙ ጊዜ አይቻልም። በርክክቡ ወረቀት ላይ ደግሞ የሰዓቱ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ የተመለሰው ገንዘብ መጠን፣ እንዲሁም ሰዓቱ ሐሰተኛ ስለሆነ መመለሱ በግልጽ ይጻፍ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ እርስዎ ያስቀሩ። ያ ሰዓት ነገ በሌላ ሰው እጅ ቢገኝ ስምዎ የሚጠራው በዚያ ወረቀት መሠረት ይሆናል።